የጥጃው የመጀመሪያ ቀን
የመተንፈሻ አካላት ቫይረሶችና የጥጃ በሽታ መከላከያ ኃይል በድርቅ በተጎዳ አካባቢ
(በሐይቅና በአምባሰል በእርዳታና በማቋቋም ሥራ ለተሰማሩ ባልደረቦች የቀረበ ንግግር)



ድርቅ በመታው አካባቢ የጉዳት መዝገብ ሲዘጋጅ አስቀድሞ የሚቈጠረው ሰው ነው፤ ሊሆን የሚገባውም ይኸው ነው። ቀጥሎ የእርሻ በሬዎች፣ የሚታለቡ ላሞች፣ የጋማ ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች ይመዘገባሉ። ጥጃ ግን ብዙውን ጊዜ የራሱ ዓምድ የለውም፤ ወይ ከእናቱ ጋር ተዳምሮ ይታለፋል፣ ወይም ጨርሶ ይረሳል። የዚህ ንግግር ዓላማ ጥጃ በድርቅ ወቅትና ከድርቅ በኋላ በሚካሄደው የማቋቋም ሥራ ውስጥ ያለውን ቦታ ማሳየት፣ በተለይም ሳምባውን የሚያጠቁት ቫይረሶች እንዴት እንደሚጎዱትና የመከላከያ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ መግለጽ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ወንድ ጥጃ ተወልዶ ቀንበር እስኪለምድ ድረስ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። ሴቷም አድጋ ጊደር ሆና የመጀመሪያ ልጇን እስክትወልድ ከዚያ ብዙ የማያንስ ጊዜ ያስፈልጋታል። ስለዚህ በድርቁ ዓመት የሞተው ጥጃ ጉዳቱ በዚያው ዓመት አይታይም። ዝናቡ ከተመለሰ፣ የእህል እርዳታውም ከቆመ በኋላ፣ ቤተሰቡ በገዛ እጁ ሊያርስ ሲነሣ የጐደለ ጥማድ ሆኖ ይገኛል።

ሐይቅና አምባሰል

በደቡብ ወሎ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐይቅ ከተማ ስሟን ያገኘችው በአጠገቧ ካለው ሐይቅ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም የሚገኘው በዚሁ ሐይቅ ነው። አውራ ጎዳናው ወደ ሰሜን ሲቀጥል በአምባሰል ወረዳ ወደምትገኘው ወደ ውጫሌ ያደርሳል። አገሩ በበሬ የሚታረስ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ ላም የሌለው ደግሞ የሌላውን ላም በርቢ ይዞ ከሚወለደው ድርሻውን ያገኛል። ርቢ የያዘ ድኻ ቤተሰብ ሀብቱ ላሟ ሳትሆን ጥጃው ነው። ጥጃው ከሞተ ያ ቤተሰብ የዓመት ድካሙን ብቻ ሳይሆን ከድኽነት የሚወጣበትን መንገድ ያጣል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ድርቅና ረኀብ በዚህ በኩል ያስተማረው ግልጽ ነው። ከብቱ ያለቀበት ቤተሰብ ዝናብ ቢዘንብለትም መሬቱን ማረስ አልቻለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰዎች ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንዲሰፍሩ ሲደረግ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ከወሎ የሄዱ ነበሩ። ከቀዬ መነሣትን ከሚያስከትሉት ምክንያቶች አንዱ የበሬ መጥፋት ከሆነ፣ በሬውን ገና በጥጃነቱ መጠበቅ ከማቋቋም ሥራ ተለይቶ ሊታይ አይገባም።

ከደስታ በሽታ የተገኘ ትምህርት

አምባሰል የከብት ቫይረስ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከብዙዎች አስቀድሞ ያወቀ አገር ነው። በ1880 ዓ.ም. ወደ ምጽዋ ከመጡ ከብቶች ጋር የገባው ደስታ የሚባለው በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገሪቱን አዳረሰ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ሲፈረም በሽታው ከብቱን እየፈጀ ነበር። በዘመኑ የተጻፉ መረጃዎች ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ይገምታሉ። ተከትሎ የመጣው ረኀብ «ክፉ ቀን» ተብሎ ይታወቃል። በሬ ባለመኖሩ መሬት በዶማ ይቆፈር ነበር፤ ዓፄ ምኒልክም ሕዝቡን ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው በታሪክ ተመዝግቧል።

የደስታ በሽታ ቫይረስ የአፍን፣ የአፍንጫንና የአንጀትን ልባስ የሚያቆስል ስለ ነበር ከሳምባ በሽታዎች ወገን ብቻ የሚመደብ አይደለም። ስለ ጥጃ የበሽታ መከላከያ ኃይል የሰጠው ትምህርት ግን ለሁሉም ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1976 በአፍሪካ በተካሄደው ታላቅ የክትባት ዘመቻ፣ ኢትዮጵያም በተካፈለችበት፣ ከብቱ በብዛት ተከትቦ በሽታው እጅግ ቀነሰ። ዘመቻው ሲያበቃ ግን በየዓመቱ የሚወለዱትን ጥጆች የመከተቡ ሥራ በብዙ አገሮች ተዳከመ። ያልተከተቡት ጥጆች አደጉ፤ በመንጋው ውስጥም መከላከያ የሌላቸው ከብቶች ቍጥር በዛ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደስታ እንደገና አፍሪካን ሲያስጨንቅ የተመለሰው በዚሁ በተዘነጋው በር ነበር።

ሁለተኛው ዘመቻ ይህን አልደገመም። ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት ተዘጋጅቶ፣ እንደ አፋር ባሉ ሩቅ አካባቢዎች ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው ከብቱን ራሳቸው ከተቡ። እ.ኤ.አ. ከ1995 በኋላ ደስታ በኢትዮጵያ አልታየም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ሰው ከምድር ካጠፋቸው በሽታዎች ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ይህ ነው። የቀሩት የጥጃ ቫይረሶች ግን አሁንም አሉ።

ቫይረሱ በጥጃ ሳምባ ውስጥ

ጥጆችን ከሚያስሉት ቫይረሶች ዋና ዋናዎቹ ሬስፒራቶሪ ሲንሲሺያል፣ ፓራኢንፍሉዌንዛ 3 እና የከብት ሄርፒስ 1 የሚባሉት ናቸው። የመጀመሪያው ከከብት ተለይቶ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1970 በስዊዘርላንድ ነው፤ በሕፃናት ላይ የሳምባ ምች ከሚያመጣው ቫይረስ ጋርም የቅርብ ዝምድና አለው። የከብት ቫይረሳዊ ተቅማጥ የሚባለው ሌላ ቫይረስ ደግሞ የጥጃውን መከላከያ ኃይል አዳክሞ ለቀሩት መንገድ ይከፍታል።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በሳልና በማንጠስ በሚረጨው ንፍጥ፣ እንዲሁም በአፍንጫ ንክኪ ነው። ጤነኛ ጥጃ የአየር ቧንቧው በጥቃቅን ጠጕር መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው፤ እነዚህም አቧራውንና ጀርሙን ከአክታ ጋር እየጠረጉ ወደ ላይ ያወጡታል። ቫይረሱ ይህን ልባስ ይገድለዋል። ጠራጊው ሲጠፋ በጤና ጊዜ በአፍንጫና በጕሮሮ ያለ ጉዳት የሚኖሩት እንደ ፓስቱሬላ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሳምባ ይወርዳሉ። ስለዚህ ጥጃውን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ቫይረሱ ብቻውን ሳይሆን ቫይረሱ በሩን ከፍቶለት የገባው ባክቴሪያ ነው።

ገበሬው ይህን «ብርድ መታው» ይለዋል። አባባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብርድ፣ ረዥም ጉዞ፣ ረኀብና መጨናነቅ መከላከያን ስለሚያዳክሙ በሽታው የሚገለጠው እነዚህን ተከትሎ ነው። ጥጃው ቫይረሱ ከያዘው ከጥቂት ቀናት በኋላ ያተኵሰዋል፣ ቀጭን ንፍጥ ይወርደዋል፣ ያስለዋል፣ መጥባትም ይቀንሳል። በሽታው ሲከፋ ንፍጡ ይወፍራል፤ ጥጃው አንገቱን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል።

እንገር፦ በአፍ የሚሰጥ ጋሻ

ሰውነት ቫይረስን የሚከላከለው በደረጃ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተጠቁት ሕዋሳት ኢንተርፌሮን የሚባል ንጥረ ነገር አመንጭተው ጎረቤቶቻቸውን ያስጠነቅቃሉ። ቀጥሎ ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሳሉ። ከሳምንት በኋላ ገደማ ለዚያ ቫይረስ ብቻ የተዘጋጁ ፀረ እንግዳ አካላትና የተበከለውን ሕዋስ የሚገድሉ ሕዋሳት ይበዛሉ። አዲስ የተወለደ ጥጃ እነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ አሉት፤ ነገር ግን ልምድ የላቸውም፣ ሥራቸውም ዝግ ያለ ነው። እንደ ትልቅ ከብት ለመሥራት ወራት ይፈጅባቸዋል።

ይህን ክፍተት የምትሞላው እናት ናት። እዚህ ላይ ጥጃ ከሰው ልጅ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሕፃን የእናቱን ፀረ እንግዳ አካላት ገና በማሕፀን ሳለ በእንግዴ ልጅ በኩል ይቀበላል። የላም እንግዴ ልጅ ግን እነዚህን አያሳልፍም። ስለዚህ ጥጃ ሲወለድ ደሙ ከእናቱ መከላከያ ባዶ ነው፤ ያለው ተስፋ እንገር ብቻ ነው። እንገር በፀረ እንግዳ አካላት፣ በቪታሚንና ኃይል በሚሰጥ ምግብ የበለጸገ ነው። የጥጃው አንጀትም ለጥቂት ጊዜ እነዚህን ሳይፈጭ ወደ ደም ያሳልፋል። ይህ በር ከሁሉ ይልቅ የሚከፈተው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ነው፤ ከዚያ እየጠበበ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚጠጣው እንገር ምግብ ይሆናል እንጂ በደም ውስጥ የሚዘዋወር ጋሻ አይሆንም።

የሚያስፈልገው መጠን ከጥጃው ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በመጀመሪያው ግማሽ ቀን 2 ሊትር ገደማ ሊጠባ ይገባዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ከቤተሰቡ ልማድ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። እንገር በገጠር ቤት የሚወደድ፣ ተፈልቶ የሚበላ ምግብ ነው። ጥጃውን እንዳያስቀምጠው በመስጋት እንዲጠባ የሚፈቀድለትን መጠን የሚቀንሱ ቤቶችም አሉ። በረኀብ ዘመን ልጆቹ የራቡትን እናት እንገሩን አትንኪ ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ማለትም አያስፈልግም። ላሟ እንገር የምትሰጠው ለጥቂት ቀናት ነው፤ የጥጃው በር የሚዘጋው ግን በአንድ ቀን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን እንገር የጥጃው፣ ከዚያ በኋላ ጥጃው ጠግቦ የሚተርፈው የቤተሰቡ ይሁን ቢባል ሁለቱም አይጎዱም። ገበሬው ሊቀበለው የሚችል፣ ገንዘብም የማይጠይቅ ምክር ይህ ነው።

ድርቅ ጋሻውን የሚያሳሳበት መንገድ

ድርቅ በጥጃው ላይ የሚዘምተው ጥጃው ከመወለዱ በፊት ነው። እንገር በላሟ ጡት የሚዘጋጀው በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሳምንታት ነው። በዚያን ጊዜ የተራበች ላም የምትሰጠው እንገር ያንሳል። አረንጓዴ ሣር ከጠፋ ቪታሚን ኤ ይጎድላታል፤ ይህ ቪታሚን ደግሞ የአየር ቧንቧን ልባስ ጤነኛ አድርጎ የሚይዝ ነው። ከከሳች ላም የሚወለደው ጥጃም ደካማ ይሆናል፤ ደካማ ጥጃ ቶሎ ተነሥቶ አይጠባም፤ ሳይጠባ ያለፈው ሰዓትም አይመለስም።

ሁለተኛው መንገድ መጨናነቅ ነው። ምንጭና ጅረት ሲደርቅ ከየአቅጣጫው የመጣ ከብት በቀረው ውኃ ዙሪያ ይሰበሰባል። እንደ ሐይቅ ያለ የማይደርቅ ውኃ ለከብቱ ሕይወት ነው፤ ነገር ግን በአንድ ዳርቻ ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ የሚገናኙት መንጎች ቫይረሳቸውንም ይለዋወጣሉ። ሌሊት ደግሞ ብርድን በመፍራት ጥጆች ጢስና የሽንት ሽታ በታፈነበት ጠባብ ማደሪያ ሲታጎሩ፣ ቀድሞውንም የቆሰለው የአየር ቧንቧ የባሰ ይቆስላል።

ክትባት መቼ?

የእናቱ ፀረ እንግዳ አካላት ጥጃውን ለዘለዓለም አይጠብቁትም። በየሳምንቱ እየቀነሱ ሄደው ከጥቂት ወራት በኋላ ያልቃሉ። የእናቱ ጋሻ ሳስቶ የራሱ ያልጠነከረበት ያ ጊዜ ጥጃው ከሁሉ ይልቅ የሚጠቃበት ነው። ይሁን እንጂ ቸኩሎ መከተብም ዋጋ ላይኖረው ይችላል፤ በደሙ ያለው የእናቱ መከላከያ የክትባቱን ሕያው ቫይረስ አጥፍቶት የራሱ ሰውነት ሳይማር ይቀራልና። በደስታ ክትባት ዘመን ከተከተቡ ላሞች የተወለዱ ጥጆች በሕፃንነታቸው ቢከተቡም ብዙዎቹ ያልተጠበቁት በዚህ ምክንያት ነበር። ጥጆችን በየዓመቱ ደጋግሞ መከተብ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

በመጠለያ ጣቢያ የሠሩ ባልደረቦች ይህን ከኩፍኝ ክትባት ያውቁታል። የኩፍኝ ቫይረስ የደስታ ቫይረስ ዘመድ ነው። በአደጋ ጊዜ ሕፃናት ከ6 ወር ጀምሮ ተከትበው 9 ወር ሲሞላቸው እንደገና የሚከተቡት፣ ከእናት የተቀበሉት መከላከያ የመጀመሪያውን ክትባት ሊያከሽፈው ስለሚችል ነው። ለጥጃም መርሁ ያው ነው፤ ቀድሞ የተከተበ ይደገምለታል።

በገጠር የክትባት ሥራ የተለመዱት እንደ ጎሮርሳና የከብት ሳምባ በሽታ ያሉ በባክቴሪያ ወገን የሚመጡ በሽታዎች ክትባቶች ናቸው። እነዚህ ቫይረሱን ባያስቆሙም፣ የጎሮርሳ ክትባት ከቫይረሱ ኋላ ተከትሎ ከሚመጣው ገዳይ አንዱን ስለሚቀንስ ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው። ክትባቱ በደብረ ዘይት ከሚገኘው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ተነሥቶ እስከ ቀበሌው ድረስ ቅዝቃዜውን ሳያጣ መድረስ አለበት፤ በመንገድ የሞቀ ክትባት ከውኃ አይሻልም። የከሳ ከብትም ለክትባት የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ስለሆነ ድርቁ ሳይበረታ፣ ከብቱ አቅም ሳለው መከተብ ይመረጣል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በማቋቋም ሥራ ላይ ሊፈጸም የሚገባው

አንደኛ፣ መኖ ሲታደል እርጉዝ ላሞች፣ በተለይም ለመውለድ ሁለት ወር የቀራቸው፣ ቅድሚያ ሊያገኙ ይገባል። ለእነርሱ የሚሰጠው ጭድና ፋጉሎ የላሟንና የጥጃውን ሕይወት በአንድነት ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ ከብት ተገዝቶ ለተጎዱ ቤተሰቦች ሲታደል የእርጉዝ ላም ጊዜ ይታሰብ። ላም በእንገሯ የምታወርሰው በኖረችበት አገር ያጋጠማትን በሽታ የሚከላከል ጋሻ ነው። ለመውለድ ቀናት ሲቀሯት ወደ ሌላ አካባቢ የተወሰደች ላም ለአዲሱ ቦታ ጀርሞች የሚሆን መከላከያ ለማዘጋጀት ጊዜ የላትም። ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብላ ብትደርስ ይመረጣል። ወደ ምዕራብ ቆላ የሚወሰድ ከብት ከሆነ ደግሞ የገንዲ በሽታ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ሦስተኛ፣ ከተለያዩ ገበያዎች የተገዙ ከብቶች ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ተለይተው ሳይታዩ ከነባሩ መንጋ ጋር አይቀላቀሉ። ከእናታቸው የተለዩ ሕፃናት ጥጆችን መግዛትና በመኪና አጭቆ ማጓጓዝ ለሳምባ በሽታ ከሚያጋልጡት ሁሉ የከፋው ነው።

አራተኛ፣ የጥጃ ማደሪያ ደረቅ ጉዝጓዝ ያለው፣ ነፋስ የማይመታው፣ ግን አየር የሚዘዋወርበት ይሁን። ማሳል የጀመረ ጥጃ ከሌሎቹ ይለይ፤ ውኃና ወተት አይከልከል። ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረሱን አይገድልም፤ ተከትሎ የሚመጣውን ባክቴሪያ ግን ስለሚገታ የእንስሳት ሐኪም ባዘዘው መጠን እስከ መጨረሻው ይሰጥ። በአንድ ቀበሌ ብዙ ከብት አብሮ ካሳለ ወይም ትላልቆቹም መሞት ከጀመሩ ጉዳዩ በፍጥነት ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይነገር፤ ናሙናም በኮምቦልቻ ላቦራቶሪ እንዲመረመር ይደረግ።

አምስተኛ፣ በጉዳት መዝገብ ላይ ለጥጆች የራሳቸው ዓምድ ይከፈት፤ ስንት ተወለዱ፣ በመጀመሪያው ቀን ስንቱ እንገር ጠቡ፣ ስንቱ እያሳሉ ሞቱ የሚለው ይጻፍ። ያልተጻፈ ሞት መኖ አያስመድብም፤ ክትባትም አያስልክም።

ክቡራንና ክቡራት፤

ከዚህ ሁሉ የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ታላቅ የሆነው አንዱ ነው፤ ጥጃው በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ከእናቱ ጡት መድረሱ። በአምባሰል ተዳፋት ላይ የምትኖር አንዲት እናት በረቷ ውስጥ ሌሊት የተወለደውን ጥጃ አንሥታ ጡት ብታስይዘው፣ ያደረገችው ነገር ከክትባት ዘመቻ የሚያንስ አይደለም። የእርዳታ ሠራተኛው ድርሻ ይህን ምክር በጊዜው ማድረስና ላሟ እንገር የምታዘጋጅበትን መኖ ማቅረብ ነው። ይህ ከተደረገ ከአራት ዓመት በኋላ በዚያ ቤት ደጃፍ ቀንበር የሚጠብቅ ወይፈን ይቆማል፤ ቤተሰቡም የእርዳታ እህል ተሰላፊ መሆኑ ቀርቶ የራሱን ማሳ ያርሳል።